ጥላ ሽታ

ኦክቶ. 6፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡20

ባሱ አመለጠኝ። ቀጣዩ ሃያ ደቂቃ አለው። ሳድልታውን ጣቢያ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ፣ ደብተሬ።

ኢሜይሉ ዛሬም መጣ። ሦስተኛው። ከሶስና አስተማሪ። (ከዚህ በኋላ ሶ. እላታለሁ። ሙሉ ስሟን ስጽፍ እጄ ይቆማል።) ልጄ ከመሞቷ በፊት የጨረሰችውን ፔፐር፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናቷን፣ የተማሪዎች ጽሑፍ በሚወጣበት መጽሐፍ ሊያትሙት ነው። የቤተሰብ ፊርማ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው አማርኛም ፊደሉ ልክ መሆኑን እንድናይላቸው አስተማሪዋ ጠየቀች። እስከ ወሩ መጨረሻ።

ጌ. ፈርመሽ ላኪላቸው ይላል። ጌ. ባሌ ነው፣ ጌታሁን። ትራክ ይነዳል። ሐዘኑን በየመንገዱ እየጣለ የሚመለስ ይመስለኛል። እኔ ያላነበብኩትን አልፈርምም። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛዬ የሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ መድኃኒት፣ ዳይፐር፣ ጉድ ሞርኒንግ። ቢሆንም አልፈርምም።

ሳጥኗ ከደረጃው ሥር ነው። ቤልትላይን ሠፈር ከነበረው አፓርታማዋ ያመጣነው። መኪናዋ በረዶ ላይ ከተንሸራተተችበት ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አልተከፈተም። ረቡዕ ሺፍት የለኝም።

ባሱ መጣ።

ኦክቶ. 8፣ ረቡዕ፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ከፈትኩት።

ከላይ ሹራቧ። አሸተትኩት። ምንም። ካርቶን ካርቶን ብቻ ይላል።

ከሥር ወረቀት። የድሮ የአሜሪካ ቴያትር ማስታወቂያዎች፣ የዘፈን ወረቀት ሽፋኖች፣ ፖስትካርዶች፤ ሁሉም ኮፒ። መጀመሪያ የጥቁር ሰዎች ሥዕል መሰለኝ። ግን እንዲህ ያለ ሰው የለም። ፊታቸው የድስት ቂጥ። አፋቸው ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ዙሪያው በነጭ ተቀብቶ የተላጠ ቁስል ይመስላል። ዐይናቸው ፈጧል። አንዱ ሐብሐብ ታቅፏል። አንዱ የሰረቀውን ዶሮ ብብቱ ውስጥ ወትፏል። አንዱ የባለጸጋ ልብስ ለብሶ ባርኔጣው ተንጋዷል። ሁሉም ይስቃሉ።

አንዱን ፎቶግራፍ ቀረብ አድርጌ አየሁት። ጓንቱ አጭር ነው። በጓንቱና በእጅጌው መካከል ትንሽ ቆዳ ይታያል። ነጭ። ሰውዬው ፈረንጅ ነው።

ቀፈፈኝ። ወረቀት ነክቼ እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።

ቀጥሎ ተናደድኩ። በሷ። ምንድነው የምታጠኚው ስላት "ሂስትሪ ነው ማሚ፣ ቦሪንግ ነገር" ትለኝ ነበር። ነርስ ሁኚ ብያት ነበር። ይሄን ስታይ ነው የከረመችው? የሚያምር ነገር ጠፍቶ? በሞተ ልጅ ላይ የሚናደድ ምን ዓይነት እናት ነው?

ሳጥኑን ዘጋሁት። ተመልሼ ከፈትኩና ሹራቡን አወጣሁ። ከነዚህ ሰዎች ጋር አላሳድረውም።

ኦክቶ. 9፣ ኀሙስ፣ ከሥራ በኋላ

ፔፐሩን ጀመርኩ። ስልኬ ፎቶ አንስቶ ይተረጉማል። አንዳንዱን ሲተረጉም ያሳብዳል። አሥራ አራት ገጽ ነው። በቀን ሁለት ገጽ ከቻልኩ ጎበዝ ነኝ።

ርዕሱ በእንግሊዝኛ ነው። ከሥሩ በእጇ፣ በአማርኛ፣ ፊደሉን ትልልቅ አድርጋ፦

ጥላ ሽታ መቀባት

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ጥላ ምን ይሸታል? ከዚያ ትዝ አለኝ። አምና በዚህ ሰሞን ደወለችልኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ አንዷን አሮጊት ላጥብ ውሃው ይወርዳል። "ማሚ፣ ብላክፌስ በአማርኛ ምን ይባላል?" አላውቀውም አልኳት። በሰው ለማላገጥ ፊትን ጥቁር መቀባት ነው አለችኝ። ታዲያ ጥላሸት መቀባት በዪው ብዬ ዘጋሁባት። በውሃው ድምፅ መሐል የሰማችውን ጻፈች።

ሳቅኩ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጌ. ምን ሆንሽ ብሎ ከሳሎን መጣ። አሳየሁት። አልሳቀም። ወጥቶ መኪናውን ማጠብ ጀመረ። ትናንት ያጠበውን መኪና።

እኛ ጥላሸት ቀባው ስንል ፊቱን ማለታችን አይደለም፣ ደብተሬ። ስሙን አጠፋ ማለታችን ነው። ሶ. ይሄን የምታውቅ አይመስለኝም። ወይ ታውቅ ነበር። አሁን ማንን እጠይቃለሁ።

እስካሁን ያነበብኩት ይሄ ነው። ፈረንጆቹ የጠርሙስ ቡሽ ያቃጥላሉ። አመዱን በውሃ ወይ በስብ ይለውሱና ፊታቸውን ይቀባሉ። ከንፈራቸውን በቀይ ወይ በነጭ ያሰፉታል። መድረክ ላይ ወጥተው ባሪያ ነን ይላሉ። ሰነፍ፣ ፈሪ፣ ሌባ፣ ቃል መያዝ የማይችል። ወንዶቹ ቀሚስ ለብሰው ጥቁር ሴት ይሆናሉ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እውነተኛዎቹ ባሮች እርሻ ላይ ይገረፋሉ። በዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ የተወደደ ጨዋታ አልነበረም ትላለች ሶ.። ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ቤተሰቡን ይዞ ነው የሚሄደው። ከተመልካቹ ብዙው ጥቁር ሰው አጠገቡ አይቶ አያውቅም፤ ጥቁርን ያወቀው በዚህ ነው። ባርነቱ ከቀረም በኋላ ጨዋታው አልቀረም። ፊልም ሲመጣ ፊልም ውስጥ ገባ።

ያቅለሸለሸኝ ግን ሌላ ነው። ጥቁሮች ራሳቸው መድረክ ላይ መውጣት ሲጀምሩ፣ ብዙዎቹ ቡሹን ካልተቀቡ ሥራ አያገኙም ነበር። ጥቁር ሰው፣ በጥቁር ፊቱ ላይ ጥቁር ቀለም። የራሱ አልበቃም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ስልኩ የተሳሳተ መስሎኝ። አልተሳሳተም።

ኦክቶ. 12፣ እሑድ፣ 9 ሰዓት

ከቤ/ክ መጣን። ጌታ ያጽናሽ፣ ጌታ ያጽናሽ። አሜን፣ አሜን። አፌ ደከመ።

የድራማ ክፍሉ መሪ ወንድም አሸናፊ በሩ ላይ ያዘኝ። በወሩ መጨረሻ እሑድ ሶ.ን የሚያስብ ፕሮግራም አለ። የድሮውን ድራማ ሊያሳዩ ነው፤ ሰይጣንና ትንንሽ አጋንንቱ አንዲትን ልጅ ወዲህ ወዲያ ይጎትቷታል፣ መጨረሻ ላይ መብራቱ ይበራና ነፃ ትወጣለች። ሶ. በልጅነቷ ተጫውታበታለች። ለእኔም አምስት ደቂቃ የእናት ቃል ይሰጡኛል። ሜካፑን ግን ያለ እርስዎ ማን ይሠራዋል አለኝ።

"ሰይጣን በእትዬ የሺ እጅ ነው የሚያምረው።"

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሺ አልኩ።

እሺ አልኩ፣ ደብተሬ። ምንም አልታየኝም። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የታየኝ። አንዱን አውልቄ ሌላውን ሳላወልቅ ቆየሁ። አዲስ አበባ መዘምራን ውስጥ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ፣ ከዚያም እዚህ፣ ከሰል እፈጫለሁ። መጀመሪያ ቫዝሊን፣ ከዚያ ከሰል፣ ከዚያ በከንፈር ዙሪያ ቀይ። ማን አስተማረኝ? ማንም። ሰይጣን ጥቁር ነው። እንዲያው ነው።

ኦክቶ. 13፣ ሰኞ፣ የሥራ ብሬክ ላይ

ታንክስጊቪንግ፣ የምስጋና በዓላቸው። ቤት ከምውል ብዬ ሺፍት ወሰድኩ። ሞንተሬይ ፓርክ ያለው የአረጋውያን ቤታችን ከጠዋት ጀምሮ የተጠበሰ ቱርክ ዶሮ ይሸታል።

የማርጋሬት ልጆች መጥተው ሄዱ። አልበም ትተውላታል። ማር. ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ከማጥባቸው ሁሉ የምወዳት እሷን ነው። ሶ. ከሞተች በኋላ ሥራ የተመለስኩ ቀን አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣኝ፣ እጄን ይዛ፣ አንድ ቃል ሳትናገር የቆየች እሷ ናት። ሌላው ሁሉ ተናግሯል።

አልበሙን አብረን ገለጥን። ፈረስ። ስንዴ። ሠርግ። ቀጥሎ አዳራሽ፤ ስምንት ወንዶች በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። የስምንቱም ፊት የድስት ቂጥ። አፉም ያው፣ ጓንቱም ያው።

አባቷን በጣቷ አሳየችኝ። ከግራ ሦስተኛው። እዚሁ አልበርታ፣ ትንሽ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ። ክረምት በመጣ ቁጥር ይጫወቱት ነበር አለች። ቡሹን ምድጃ ላይ የምታቃጥለው እናቷ ነበረች። መጀመሪያ የአሳማ ስብ ይቀባል፤ አለዚያ ሲታጠቡ አይለቅም። እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። አባቷ ኮስታራ ሰው ነበር፤ ሲስቅ የምታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስብ። ከዚያ ጥቁሩ። አውቀዋለሁ፣ ማር.። እንዲህ አላልኳትም።

ፊቴን አየች መሰለኝ። እንዳለችው ልጻፈው፦ "ጀስት ፈን፣ ዲር። ኖባዲ ዋዝ ኸርት።" ጨዋታ ነው ውዴ፣ ማንም አልተጎዳም። ያኔ በከተማችን የናንተ ሰዎች አልነበሩም እኮ አለችኝ፣ ልታጽናናኝ ፈልጋ።

ሰዓቱ ደረሰ፤ ፊቷን ማጠብ አለብኝ። ፎጣውን ለብ ባለ ውሃ ነከርኩ። ግንባር፣ ጉንጭ፣ አገጭ። እንደ ሁልጊዜው። አገጯ ጋ ስደርስ ተጫንኩ። አስቤበት ይሁን አላውቅም። አው ብላ ቃተተች። ቆዳዋ ወረቀት ነው፤ ወዲያው ቀላ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ደህና ነኝ ዲር አለችኝ። ፎጣውን መታጠቢያው ላይ ጠመዘዝኩት፣ ውሃ ካለቀ በኋላም ጠመዘዝኩት። እሷን ተጸየፍኩ። እጄንም ተጸየፍኩ።

ኦክቶ. 16፣ ኀሙስ፣ 10 ሰዓት

የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች አነበብኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ስለ እኔ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር ትላለች። በቤተ ክርስቲያናችን ድራማ አጋንንት የሚሆኑ ሁለት ልጆች ይመረጡ ነበር። ሁልጊዜ የሚመረጡት ጠቆር ያሉት ናቸው። ማንም አፍ አውጥቶ አይልም፣ ግን እንደዚያ ነው። (ሶ. የአባቷን መልክ ነው የወሰደችው። እኔ የቀይ ዳማ ነኝ።) እናቴ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ከሰሉን ስትቀባኝ ለሴቶቹ "የሷማ ግማሹ ተሠርቶ ነው የመጣው" አለች። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስንገባ መታጠቢያው ፊት ቆሜ ፈተግኩት። ጠራኋትና ሁሉም ለቀቀ ወይ አልኳት። አየችኝ።

"ይሄማ የራስሽ ነው" አለችኝ።

ይህችን በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋታለች። ልክ እኔ እንደምለው። ድምፄን ሰማሁት።

ውሸት ነው አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ለባዶ ቤት። ተነስቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ድስቱን ስፈትግ መጣብኝ። የድሮው ኪራይ ቤታችን፣ ቢጫው መታጠቢያ። በርጩማ ላይ ቆማለች። ጆሮዋ ሥር ከሰል ቀርቷል። ፎጣ ይዤ በሩ ላይ ነኝ። አልኩት። እየሳቅኩ አልኩት። እሷ አልሳቀችም። ዞራ መፈተጓን ቀጠለች። እኔ ራት ላቀርብ ሄድኩ።

የጽሑፏ መጨረሻ፣ ስልኩ እንደተረጎመው ሳይሆን እኔ እንደገባኝ፦ የእናቴ እጅ ለስላሳ ነበር። ዐይኔ እንዳይነካ በጣቷ ትከልልልኝ ነበር። እነዚያን የመድረክ ሰዎች ሳጠና ክፉ ሰው ፍለጋ ነበር የሄድኩት። አብዛኞቹ እንደ እናቴ ናቸው።

ከሥዕሎቹ ሁሉ፣ ከዶሮ ሌባውም፣ ከቀይ አፉም፣ የሚያስጠላው ይሄ ነው። መካድ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ኦክቶ. 19፣ እሑድ፣ 10 ሰዓት

ልምምድ ነበር። አሸናፊን ወደ ጎን ጠርቼ ሰይጣን ጥቁር መሆን የለበትም አልኩት። ብርሃን መስሎ ነው የሚመጣው ተብለን አይደል የተማርነው?

"ታዲያ ዱቄት እንቀባው፣ እትዬ?"

ገለል ብለን ብናወራም ሰው ሰምቷል። ሳቁ በአዳራሹ ዞረ። አንዱ የፈረንጅ ጎረቤቶቻችን ይቀየማሉ አለ። አንዱ ዱቄቱ ጤፍ ከሆነ ውድ ነው አለ። አሸናፊ ክፉ ልጅ አይደለም። ሶ. የሞተች ዕለት ሆስፒታል ድረስ የነዳልኝ እሱ ነው። ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ጨዋታ ነው እኮ። ማን ተጎዳ?"

የማርጋሬት አፍ ነው። አማርኛ ተምሮ የመጣ።

አጋንንቱን አየኋቸው። ሁለት ናቸው። አንዷ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሰንበት ክፍሉ ልጆች ሁለቱም ጠቆር ያሉት። ማንም አላለም። ትንሿ ሮጣ መጥታ ቀሚሴን ጎተተችና፣ እትዬ፣ ለኔም ሬድ ሊፕስ፣ ቀዩን ከንፈር፣ ታደርጊልኛለሽ አለችኝ። በደስታ ትዘላለች። ሶ.ም እንደዚህ ትዘል ነበር።

ቀሚሴን ከእጇ ቀስ ብዬ አላቀቅኩ። ከኋላዬ እኅቶች ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ ሲሉ ሰማሁ።

ኦክቶ. 21፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ

ጌ. ከዊኒፔግ ተመለሰ። የመጨረሻዎቹን ገጾች አነበብኩለት። ቡናው ቀዘቀዘ። ከዚያ ሁለቱን ገጾች አውጡልን ብለሽ ጻፊላቸው፣ ከዚያ ፈርሚ አለ። የፈረንጆቹ ታሪክ ይበቃል። የቤታችን ጉድ ለምን ይታተማል። ሌላው ሰው እሷን አያውቃትም፣ እኛን ነው የሚያውቀን።

"በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ጥላሸት ትቀባናለች።"

አየሁት። እሱም የተናገረውን ሰማው። ቁጭ አለ።

ያን የከሰሉን ቀን እኔም ጋ መጥታ ነበር አለኝ። ጉንጯ ተልጦ ነበር። ምን ሆንሽ ሲላት ሶፕ ነው አለችው። እሱ ቫዝሊን ቀባላት። ለኔ አልነገረኝም፤ ምን ብዬ ልንገርሽ አለኝ። ጌ. ጥቁር ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ስለ መልኩ የቀለድኩትን ሁሉ ሲስቅልኝ ነው የኖረው። ዛሬ ስንቱ ከልቡ ነበር ብዬ አሰብኩ። አልጠየቅኩትም። ፈራሁ።

አሁንም ሁለቱ ገጾች ይቆረጡ ባይ ነው። እኔም ዛሬ፣ እውነት ለመናገር፣ ይቆረጡ ባይ ነኝ። እሷ ሄዳለች። የምኖርበት እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ የምገባበት ሌላ ቤት የለኝም።

ኦክቶ. 24፣ ዓርብ፣ ብሬክ ላይ

የማር. አገጭ ድኗል። ለምን ዝም አልሽ አለችኝ። በሥራ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። ከሰሉን፣ ቫዝሊኑን፣ ልጄን፣ የራስሽ ነው ያልኳትን።

ግን ዲር፣ አንቺ ራስሽ ጥቁር ነሽ አለችኝ።

አዎ አልኳት። የሁለታችንም ሳቅ መጣ፣ መራራ ሳቅ። ከዚያ አባቴ ጥሩ ሰው ነበር አለች። አውቃለሁ፣ ልጄም እንደዚያው ነው የጻፈችው አልኳት። አልበሙን ራሷ ዘጋችው። ፊቷን ሳጥባት ዐይኗን ጨፍና ነበር። በጣቴ ከለልኩላት፣ ሳሙናው እንዳይገባ። እጄ ያውቀዋል።

የማር. እናት ምድጃው ላይ ቡሽ ስታቃጥል እጇ እንደዚህ ለስላሳ ነበር ብዬ አሰብኩ። የዚህን ያህል ምንም ቀፍፎኝ አያውቅም። ልክ ነበረች። ልጄ ልክ ነበረች፣ የጻፈችው መታተም አለበት።

ኦክቶ. 26፣ እሑድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ፈርሜ ላክሁ። ሙሉውን። ምንም አይቆረጥ። ለአስተማሪዋ ስለ አማርኛው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ትክክለኛው ጥላሸት ነው፤ እሷ እንደጻፈችው ግን ይታተም። ጥላ ሽታ የሷ ነው።

ለጌ. ነገርኩት። ሸሚዙን ተኮሰ። ነጩን፣ የሷን ምርቃት ጠብቆ የገዛውን። መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኛል።

አሸናፊ ቴክስት አደረገ፦ ከሰሉን እንዳይረሱ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ፎጣ፣ ሳሙናና አንተ ነህ፣ ደብተሬ። ያቺን ትንሽ ልጅ ሌላ ሰው ቀብቷት ካገኘሁ እዚያው አጥባታለሁ። ሁሉም ለቀቀ ወይ ካለችኝ መልሱን ይዣለሁ። ንጹሕ ነሽ። ሁለት ቃል። ያኔ የጠፉኝ።

የሶ.ን ሁለት ገጽ ወደ አማርኛ መልሼ እዚሁ፣ አንተ ላይ ከኋላ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በሰጡኝ አምስት ደቂቃ እሱን አነብባለሁ። የራስሽ ነው የሚለውን ሁለት ጊዜ ዘልዬው ነበር። ዛሬ ጠዋት አስገባሁት። ትልልቅ አድርጌ፣ ዐይኔ እንዳይስተው። ሳላሳይህ ኖሬ ዛሬ ሰው ፊት ስከፍትህ አትቀየመኝ።

ጌ. ጡሩምባ ነፋ። አጀማመሩን ልሞክረው፦ ወገኖቼ፣ እኔ የሺ ነኝ፣ ሰይጣናችሁን ስቀባ የኖርኩት። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ መታጠቢያው ፊት ቆማ